የጌም ወሬ ሲከሽፍ ለምን ሠራተኛው ይሰደባል?

መክፈቻ፦ ይህን ክር፣ ማለትም በጌመሮች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለ ውይይት፣ የከፈትኩት ለረጅም ጊዜ ሲያንገበግበኝ በቆየ ጥያቄ ነው። አንድ የውስጥ አዋቂ ነኝ ባይ ብቅ ብሎ ይህ ጌም በዚህ ቀን ይታወጃል ይላል። ቀኑ ይደርሳል፤ ወፍ የለም። በማግስቱ የስድብ ናዳ የሚወርደው ግን ወሬውን ባመጣው ላይ ሳይሆን ጌሙን በሚሠራው ሰው ላይ ነው። እሱ ቀን አልቆረጠም፣ ቃል አልገባም፣ ብዙ ጊዜም ቀኑን ራሱ አያውቀውም። ለምሳሌ ያነሳሁት የጎድ ኦፍ ዎር ራግናሮክን ሰሞን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። በ2022 የጌሙ መውጫ ቀን ጁን 30 ይነገራል ተብሎ ተወራ። ቀኑ አለፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት ጌሙን በሚሠራው የሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ሠራተኞች ላይ ስድብና ውትወታ ጎረፈ፤ ቀኑን ንገሪን ተብላ ጸያፍ ምስል የተላከላት ሴት ባለሙያም ነበረች። ስቱዲዮው ሠራተኞቹ እንዲከበሩ በይፋ እስከ መለመን ደረሰ። ጁላይ 6 ቀኑ ታወጀ፣ ጌሙም ኖቬምበር 9 ወጣ። ያ ሁሉ ስድብ አንድ ሳምንት ላልሞላ መዘግየት ነበር፤ ለዚያውም ስቱዲዮው በአፉ ላልጠራው ቀን።

የኔ እምነት ይህ ነው። ወሬ ቀን ሲቆርጥ የደጋፊው ተስፋ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳውን ደግሞ ሰው የሚጠይቀው አድራሻውን ከሚያውቀው ነው። የጌም ሠሪው ስም በጌሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል፣ አካውንቱም በስሙ ነው። ወሬ አምጪው ግን ፖስቱን ያጠፋና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀን ይዞ ይመጣል። እና ጠየቅኩ፦ ይህ ለምን ሆነ? እኛስ እዚህ ወሬ ስናመጣ ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ በትህትና ነው የገባው። ጉዳዩ በመነሳቱ አመስግኖ ሳይበርፐንክ 2077ን ጨመረ። በ2020 ኦክቶበር ማለቂያ ላይ ጌሙ በ21 ቀን ሲራዘም ከሠሪዎቹ አንዱ የደረሱትን የግድያ ዛቻዎች በይፋ እንዳሳወቀ አስታወሰን። ሰው ለ21 ቀን ብሎ ግድያ ይዝታል ወይ ብሎ ነው የጨረሰው።

መልስ 2፦ ቀጣዩ አላለፈውም። ምሳሌው ከጥያቄው ጋር አይገጥምም አለ፤ ልክም ነው። የሳይበርፐንክን ቀን የቆረጠው ወሬ ሳይሆን ኩባንያው ነው። መጀመሪያ ኤፕሪል፣ ከዚያ ሴፕቴምበር፣ ከዚያ ኖቬምበር 19፣ በመጨረሻ ዲሴምበር 10። ይባስ ብሎ ኦክቶበር መግቢያ ላይ ጌሙ ጎልድ ሆኗል ብሎ አብስሮ፣ ወሩ ሳያልቅ አራዘመው። ጌሙ ወጥቶም በፕሌይስቴሽን 4 ኮንሶል (የጌም መጫወቻ ማሽን) ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ የማሽኑ ባለቤት ሶኒ ዲሴምበር 18 ከመደብሩ አነሳው፤ የተመለሰው በ2021 ጁን ነው። መላሹ ዛቻውን እያወገዘ፣ የደጋፊው ቁጣ ግን ባዶ አልነበረም አለ። ይህን መለየት ለክሩ ሁሉ ጠቀመ። ኩባንያ ቃሉን ሲያጥፍ መቆጣትና ኩባንያው ያልገባውን ቃል ከሠራተኛው መጠየቅ አንድ አይደሉም።

መልስ 3 እና 4፦ አንድ አዲስ ሰው ጎልድ ሆነ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ሳይንቀው አስረዳው። ዲስክ የሚታተምበት ዋና ቅጂ ተጠናቆ ወደ ማተሚያ ሄደ ማለት ነው። ሥራው ግን አያበቃም፤ ጌሙ በሚወጣበት ቀን የሚወርደው ማስተካከያ ከዚያ በኋላም ይሠራል። የሳይበርፐንክ መራዘምም በዚሁ ማስተካከያ ምክንያት ነበር። ብዙ ደጋፊ ጎልድን አለቀ ብሎ ስለሚሰማው ነው ክህደት የሚመስለው። ጠያቂው አመሰገነ። እንዲህ ያለ ልውውጥ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ካለማወቅ የሚነሳው ጠብ ብዙ ነውና።

መልስ 5፦ ዕድሜው ገፋ ያለ የሚመስል ጌመር ወሬ የኢንተርኔት ልጅ አይደለም አለ። በ1992 ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ የተባለው መጽሔት ለኤፕሪል ፉል ቀልድ ብሎ ስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ሼንግ ሎንግ የሚባል የተደበቀ ተፋላሚ አለ ብሎ ጻፈ፤ እሱን ለማግኘት አንድም ምት ሳይነካህ መጨረሻ መድረስ አለብህ ተባለ። ልጆች ስንት ሳንቲም ጨረሱበት! በመጀመሪያው ፖኬሞንም ወደቡ አጠገብ ከቆመች የጭነት መኪና ሥር ሚው የሚባለው ብርቅ ፍጡር አለ ይባል ነበር። ይህ ሰው ሚውን ፍለጋ ያደረገውን ዘርዝሮ ተረከልን። መርከቧ አንዴ ከሄደች ወደዚያ ቦታ መመለስ ስለሚያስቸግር ጌሙን ከዜሮ ጀመረ፤ መኪናዋን በሁሉም ማዕዘን ዞራት፤ አልንቀሳቀስ ስትለው ያነሰው የራሱ ጥረት መስሎት እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ወሬውን የነገረው ልጅ ከአጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር። ሲከሽፍም የተኮራረፉት ሁለቱ ናቸው፤ የጌሙን ሠሪዎች ስም እንኳ ማንም አያውቅም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ብሎ ደመደመ። ያኔ ወሬ አምጪው ፊት ለፊትህ ነበር፣ ሠሪው የትም አልነበረም፤ ዛሬ ተገለባብጧል። ከመልሶቹ ሁሉ ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰው ይህኛው ነው እላለሁ።

መልስ 6፦ ከ5 ጋር እየተስማማ፣ ያኔም ቢሆን ወሬው ነጋዴ ነበረው አለ፤ መጽሔቱ በወሬው ተሸጧል። ደግሞም ኩባንያዎች ወሬውን ሰምተው ይጠቀሙበታል። ከስትሪት ፋይተር ቀልድ በኋላ በ1994 አኩማ የተባለ የተደበቀ ተፋላሚ መጣ። ሞርታል ኮምባት ላይ ኤርማክ የሚባል ገጸ ባሕርይ በወሬ ብቻ ኖሮ በ1995 እውነተኛ ሆነ። ታዲያ ተጫዋቹ ወሬ አንዳንዴ እውን እንደሚሆን ከተማረ፣ ቀጣዩን ለምን አያምን?

መልስ 7፦ ቃናው እዚህ ላይ ጠነከረ። ይህ መላሽ ደጋፊን ብቻ ትወቅሳላችሁ፣ ደጋፊን ያሳበዱት ግን ኩባንያዎቹ ናቸው አለ። ማስረጃውን ግን በደንብ ነው ያቀረበው። ታዋቂው ጌም ሠሪ ሂዲዮ ኮጂማ በ2012 ዲሴምበር ሞቢ ዲክ ስቱዲዮ የሚባል የሌለ ስቱዲዮ ፈጥሮ፣ በ2013 ፊቱን በፋሻ የጠቀለለ ኃላፊ አቅርቦ፣ በመጨረሻ ሁሉም የሜታል ጊር ሶሊድ 5 ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ኦገስት ደግሞ ማንም የማያውቀው ስቱዲዮ ፒ.ቲ. የሚባል አጭር የፍርሃት ጌም በነፃ ለቀቀ፤ ተጫዋቾች እንቆቅልሹን ሲፈቱት የኮጂማ አዲስ የሳይለንት ሂል ጌም ማስታወቂያ ነበር። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተሸለመ ደጋፊ በየጥላው ምስጢር ቢፈልግ ይፈረድበታል ወይ?

መልስ 8፦ የ7ን ሐሳብ ወስዶ እስከ መጨረሻው ያደረሰው 8 ነው። በ2021 ብሉ ቦክስ የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ አባንደንድ የተባለ ጌም አስተዋወቀ። ደጋፊዎች ወዲያው የኮጂማ እጅ አለበት አሉ። መነሻቸው የስቱዲዮው ኃላፊ ስም መጀመሪያ ፊደሎች ከኮጂማ ጋር መመሳሰላቸው ነበር። ሰውየው እኔ ኮጂማ አይደለሁም ብሎ ራሱን በቪዲዮ አሳየ፤ እሱም ቢሆን ተዋናይ ነው ተባለ። መላሹ ራሱ የዚያ ቡድን አባል ነበረና ሌሊቱን እንዴት ያሳልፉ እንደነበር ነገረን። አንዱ የትሬይለሩን (የማስታወቂያ ቪዲዮውን) ድምፅ ገልብጦ ያዳምጣል፣ ሌላው ከጀርባ ያለውን ዛፍ አጉልቶ ቀለም ይቀይራል፣ ሦስተኛው የተለጠፈበትን ሰዓት ከድሮ ጌም መውጫ ቀን ጋር ያሰላል። የመካድ ቃል ሁሉ ማረጋገጫ ይሆናል፤ ካደ ማለት ደበቀ ማለት ነውና። ኦገስት ላይ በልዩ አፕ ይታያል የተባለው ነገር ቀድሞ የታየ የሰከንዶች ቅንጭብ ሆኖ ሲገኝ ፍቅሩ በአንድ ሌሊት ወደ ጥላቻ ተለወጠ። ስቱዲዮውም ጉጉቱን በፍንጭ ይኮረኩር ስለነበር ንጹሕ አልነበረም ይላል 8። ያልገባውን ቃል ግን እኛ ጽፈን አስፈርመነዋል አለ። እኔም ይህን አረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት።

መልስ 9፦ ከርዕሱ ወጣ። ፒ.ቲ. በ2015 ከመደብሩ መነሳቱን አንስቶ፣ የተጫነበትን ኮንሶል ያለመሸጡን ነገረን። አንድ ሁለት ሰው ላይክ አድርጎለት አለፈ።

መልስ 10፦ እሱ ደግሞ በቁጣ መጣ። ሊክን (ሾልኮ የወጣ መረጃን) እንደ ወንጀል አታስመስሉት፣ ኩባንያ የሚደብቀውን ማወቅ የገዢ መብት ነው አለ። በ2015 ኮታኩ የተባለው የጌም ዜና ድረ ገጽ ቤተስዳና ዩቢሶፍት የተባሉት የጌም ኩባንያዎች መረጃ እንደነፈጉት ይፋ ማድረጉን አነሳ፤ ምክንያቱም ያልታወጁ ጌሞቻቸውን ቀድሞ መዘገቡ ነበር። ዘገባዎቹ እውነት ነበሩ። ሐሰት ከተናገረ ሰው ይልቅ እውነት የተናገረ ይቀጣል ብሎ ተቃወመ። አክሎም በ2016 ኖ ማንስ ስካይ ከጁን ወደ ኦገስት መራዘሙን ቀድሞ የዘገበው የዚያው ድረ ገጽ ጋዜጠኛ የግድያ ዛቻ እንደደረሰው፣ መራዘሙ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ዛቻው ወደ ጌሙ መሪ ሾን መሪ እንደዞረ ጻፈ። ይህ የመክፈቻዬን ሐሳብ አሰፋው። ሐሰተኛውን ወሬ ያመጣ በነፃ ሲሄድ፣ መራራ እውነት ያመጣው ከሠሪው ጋር አብሮ ይሰደባል ማለት ነው። ደጋፊው የሚቀጣው ሐሰትን ሳይሆን ደስ የማይል ዜናን ነው።

መልስ 11፦ ለ10 በአክብሮት፣ ነገር ግን ፊት ለፊት መለሰ። ጋዜጠኛ ምንጭ አጣርቶ ሲዘግብና ሌባ ሰብሮ ሲገባ አንድ ስም አትስጣቸው አለ። በ2023 ዲሴምበር ኢንሶምኒያክ ጌምስ በተባለው ስቱዲዮ ላይ የተፈጸመውን የመረጃ ዘረፋ ጠቀሰ። ሪሲዳ የተባለው የሰርጎ ገቦች ቡድን ቤዛ ጠይቆ ሳይከፈለው ሲቀር ከ1.6 ቴራባይት በላይ መረጃ በተነ፤ ካልታወጁት ጌሞች ጋር የሠራተኞች ፓስፖርትና የግል ሰነድ አብሮ ወጣ። አንዲት የጌም ምስል ለማየት ያን ፋይል ያወረደ ሰው ከምን ጋር እንደተባበረ ያስብበት አለ።

ከዚያ ወደ 2022 ሴፕቴምበር ተመለሰ። ጂቲኤ 6 የተባለው ገና ያልተጠናቀቀ ጌም ወደ 90 የሚሆኑ የሥራ ቪዲዮዎቹ ሾልከው ሲወጡ፣ ያላለቀውን ምስል አይቶ ግራፊክሱ ወረደ የሚለው በዛ። መጀመሪያ የሚያልቀው ግራፊክስ ነው ብሎ የጻፈም ነበር። የሌሎች ስቱዲዮዎች ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጌሞች የመጀመሪያ ደረጃ ቪዲዮ አወጡ፤ ከኮንትሮልና ከአንቻርትድ 4 የወጡት ግድግዳው ገና ግራጫ ሳጥን የሆነባቸው ነበሩ። 11 ይህን የጠቀሰው ሠሪዎች ሲያስረዱ ደጋፊ መማር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

መልስ 12፦ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ከደጋፊዎች ጋር የመነጋገር ሥራ እንደምትሠራ የነገረችን ተሳታፊ ነች፤ የት እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት የምታየውን በቅደም ተከተል አስቀመጠችው። ከአንድ ሰው አምስት መልእክት ተደርድሯል። የመጀመሪያው ሰላምታ ያለው ትሑት ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የሚወጣው? ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ። ሦስተኛው ለምን ትንቂኛለሽ የሚል። አራተኛው ስድብ። አምስተኛው ስለምትኖርበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ የተላከው እሷ ተኝታ ሳለ ነው።

ቀኑን አንዳንዴ ታውቀዋለች፤ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርማለች። አላውቅም ካለች ዋሸች፤ መናገር አልችልም ካለች ያቺ አንዲት መስመር ስክሪንሾት ተነስታ፣ በቀይ ተከባ፣ ማምሻውን የውስጥ ምንጭ አረጋገጠ ተብላ ትመጣለች። ዝም ካለች ደግሞ ትምክህተኛ ናት። ቀን ለምን እንደሚገፋም በአጭሩ ነገረችን። ጌሙ በስቱዲዮው አለቀ ከተባለ በኋላ የኮንሶሉ ባለቤት ራሱ ይፈትሸዋል፤ እዚያ ከወደቀ ተስተካክሎ እንደገና ይገባል። ስለዚህ በመጋቢት የሚያውቁት ቀን በሚያዝያ እውነት ላይሆን ይችላል፤ በመጋቢት ሹክ ያለ ሰው ሳይዋሽ ሐሰተኛ ይሆናል።

መልስ 13፣ 14 እና 15፦ 13 አዘነላት። 14 ግን ማስረጃ አምጪ፣ መታወቂያሽን አሳዪ አለ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ጣልቃ አልገባሁም ነበር፤ እዚህ ላይ ገባሁ። ስሟ ሲታወቅ ዛቻ የሚደርሳትን ሰው ስምሽን ካልነገርሽ አላምንም ማለት ያንኑ ዛቻ መጥራት ነው ብዬ 15ኛውን መልስ ጻፍኩ። የተናገረችው ደግሞ ስም ሳያስፈልገው የሚታወቅ ነገር ነው። በ2023 በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ባንጂ የተባለውን የጌም ኩባንያ የማኅበረሰብ አስተባባሪና ቤተሰቡን ሲያሳድድ የነበረ ተጫዋች 489,000 ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወስኗል። የጥላቻው መነሻ አስተባባሪው የአንድ ጥቁር ደጋፊን ሥራ ማስተዋወቁ ነበር። ተሳዳቢው ዘረኛ የድምፅ መልእክት ከመተው አልፎ ያልታዘዘ ምግብ እስከ ቤቱ ድረስ ልኮበታል፤ ቤትህን አውቀዋለሁ ለማለት።

መልስ 16፦ እንዴት እንደገባ ሳላውቅ የኮንሶል ጦርነት ገባ። የ2024 ፌብሩዋሪን ወሬ አነሳ፤ የኤክስቦክስ (የማይክሮሶፍት ኮንሶል) ጌሞች ሁሉ ወደ ፕሌይስቴሽን ሊሄዱ ነው የተባለበትን። የኤክስቦክስ ደጋፊዎችን ውሻ በበላበት ይጮኻል ብሎ ተረተባቸው።

ከ17 እስከ 21 ያሉት መልሶች ተነሥተዋል። አብዛኞቹን ከመነሳታቸው በፊት አይቻቸዋለሁ፤ እዚህ አልደግማቸውም። እስከዚያ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች በሦስት መልስ ውስጥ እናት ወደ መሳደብ ወረዱ። የአንዱ ኮንሶል ከሌላው ይበልጣል ወይ በሚል ነው! አወያዩ ሁለቱንም ለሳምንት አገዳቸው፤ ደግ አደረገ።

መልስ 22፦ አቧራው ሲቀመጥ ይህ ሰው መጣና ከስድቡ ሥር የነበረውን ቁም ነገር አወጣ። የፌብሩዋሪው ወሬ ሐሰት ነበር ወይስ እውነት? ማይክሮሶፍት በዚያው ወር ወጥቶ የሚሄዱት አራት ጌሞች ናቸው፣ ስታርፊልድና ኢንዲያና ጆንስ ግን የሉበትም አለ። ወሬኞቹ ተዋረዱ ተባለ። ሆኖም ኢንዲያና ጆንስ በ2025 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ወጣ። ታዲያ ያኔ የተናገረው ሰው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ግማሽ ይዞ ይኸው እስከ ዛሬ ይከራከራል። ግማሽ እውነት ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ማኅበረሰብ ያቃቅራል የሚለው ሐሳቡ ለኔ ልክ ነው፤ ሙሉ ሐሰት ቢያንስ አንድ ቀን ያበቃል።

መልስ 23፦ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለውን ተረት ይዞ ገባ። መላው ምን እንደሆነም አሳየ። በ2018 ኦክቶበር የሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት ገጸ ባሕርያት ዝርዝር ነው የተባለ ፎቶ ወጣ። ፎቶው ውስጥ ከአንድ ማተሚያ ቤት የመጣ የሚመስል ሰሌዳ ነበር፤ በዳር በኩል ደግሞ በዚያ ሰሞን ሊወጣ የነበረው የግሪንች ፊልም ምስሎች ይታያሉ። ያንን ምስል ማንም ስላላየው እውነተኛ ሠራተኛ ያወጣው ነው ተባለ፤ የግሪንች ሊክ የተባለውም ለዚህ ነው። በኖቬምበር 1 የጌሙ ባለቤት ኒንቴንዶ ባደረገው ዝግጅት ግን ከተባሉት ገጸ ባሕርያት አብዛኞቹ የሉም። የዳሩ ምስል እውነተኛ፣ መሃሉ ሐሰት ነበር። 23 ከዚህ ያወጣው ትምህርት ለአንድ ወሬ ማስረጃ የሚባለው ነገር የትኛውን ክፍል እንደሚያስረዳ ጠይቁ የሚል ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

መልስ 24፦ ያ ፎቶ ያኔ የሰው ልፋት ጠይቋል፣ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲህ ያለ ምስል በደቂቃ ይሠራል አለ። እውነት ነው፤ ብዙም ክርክር አላስነሳም።

መልስ 25፦ ጉዳዩን ከሌላ በኩል መታው። ሁላችሁም ጨዋ ሁኑ ትላላችሁ፣ ጨዋነት ግን ምንም አስለውጦ አያውቅም አለ። በ2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ስለ ስታር ዎርስ ባትልፍሮንት 2 በሬዲት የሰጠው ምላሽ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ጌሙ በሚወጣበት ዋዜማ በውስጡ በገንዘብ የሚደረገውን ግዢ አነሳ። በ2024 ሜይ ሶኒ የሄልዳይቨርስ 2 የፒሲ ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን አካውንት ካልከፈቱ ብሎ ሲያስገድድ፣ ስቲም በተባለው የፒሲ ጌም መደብር ላይ ከ200,000 በላይ አሉታዊ አስተያየት ወርዶ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ያሉ ተጫዋቾች ከገዙት ጌም ሊወጡ ነበርና ቁጣው ተገቢ ነው አለ። አልጮኽ ብንል ኖሮስ?

መልስ 26፦ እነዚያን ሁለቱን እኔም እደግፋለሁ ብሎ ጀመረ። ግን ተመልከት፣ ሁለቱም ላይ የተጮኸው በውሳኔ ላይ ነው፤ ውሳኔው ተጽፎ ወጥቷል፣ ወሳኙም ይታወቃል። ጩኸቱም የሆነው ገዢ አስተያየት በሚሰጥበት ቦታ ነው እንጂ በሰው የግል መልእክት ውስጥ አይደለም። ወሬ ላይ ግን ውሳኔም ወሳኝም የለም፣ ስለዚህ ጩኸቱ ሰው ላይ ያርፋል። ከዚህ በኋላ 25 ተመልሶ አልጻፈም።

መልስ 27፦ ለ26 ማጠናከሪያ ይሆን ዘንድ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2ን አመጣ። በ2020 ኤፕሪል ከጌሙ ታሪክ ቁርጥራጭ ሾልኮ ወጣ፤ ሰው በቁርጥራጩ ሙሉውን ፈረደ። ጁን 19 ጌሙ ሲወጣ ማንም ሊጨርሰው በማይችልበት ሰዓት ሜታክሪቲክ በተባለው የጌም መመዘኛ ድረ ገጽ ላይ ዜሮ ነጥብ ይደረደር ጀመር። ገጹ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚ አስተያየት ለመስጠት ጌሙ ከወጣ 36 ሰዓት እንዲጠብቅ አደረገ። በጌሙ ውስጥ አቢ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ላውራ ቤይሊ ግን ልጇን ጭምር የሚያነሱ የግድያ ዛቻዎች ደረሱባት። ድምፅና እንቅስቃሴ የሰጠችን ሰው ለገጸ ባሕርይዋ ድርጊት መጠየቅ ምን የሚሉት ነገር ነው? እሷ ታሪኩን አልጻፈችም፣ ብትጽፈውስ!

ከ28 እስከ 30፦ 28 የዛቻው ክብደት ሴት ሲሆኑ እንደሚብስ ተናገረና የ2014ን ጌመርጌት የተባለ የማስፈራራት ዘመቻ አነሳ፤ ሴት ሠሪዎችና ተቺዎች ቤታቸውን ጥለው እስከ መሄድ የደረሱበትን። 29 ያረጀ ነገር አትቆስቁስ ብሎ በአንድ መስመር ሊዘጋው ሞከረ። 30 ሳትሳደብ መለሰችለት። ለእሷ ያረጀ አይደለም፤ በቡድን ስትጫወት ማይክሮፎኗን ዘግታ በጽሑፍ ብቻ ነው የምትነጋገረው፤ ድምፅዋ ከተሰማ ጨዋታው ስለ ጨዋታው መሆኑ ያበቃል። 29 ይቅርታ አልጠየቀም፣ ላይክ ግን አደረገላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም።

መልስ 31፦ ደግ ምሳሌ የሚፈልግ ካለ ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ የተባለው ጌም አለላችሁ አለ። ሠሪው ቲም ቼሪ ሦስት ሰዎች ያሉበት ቡድን ነው። በ2019 ፌብሩዋሪ አስታወቁ፣ ለዓመታት ያህል ብዙም ሳይናገሩ ቆዩ፣ በ2025 ኦገስት 21 ድንገት ቀኑን ተናግረው ሴፕቴምበር 4 ለቀቁት። በመጀመሪያው ቀን ስቲምን ጨምሮ መደብሮች በገዢ ብዛት ተንገዳገዱ። ለምን እንደቆየ ሲጠየቁ መሥራቱ ደስ ስላላቸው ነው ያሉት። በየቀኑ ዛሬም ዜና የለም እያለ ቪዲዮ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ነበር፤ ደጋፊው መጠበቁን ራሱን ጨዋታ አደረገው።

መልስ 32፦ ሙሉ በሙሉ አታሳምሩት አለ። እዚያም ተሰድበዋል፤ በየሌላው ጌም ማስታወቂያ ሥር ሲልክሶንግ የት አለ እያሉ የሌላ ሰው ሥራ ረብሸዋል። በ2025 ጃንዋሪ ከሠሪዎቹ አንዱ የመገለጫ ፎቶውን ኬክ ሲያደርግ፣ ደጋፊዎች ከኬኩ ተነስተው ኤፕሪል 2 ዜና ይኖራል ወደሚል ግምት ደረሱ። በዚያ ቀን በኒንቴንዶ ስዊች 2 ዝግጅት ጌሙ ለአፍታ ታየ። ልክ ነበርን ማለት ነው ብለው ጨፈሩ። 32 የፈራው ይህን ነው፤ አንድ የተሳካ ግምት አሥር የከሸፉትን ያስረሳል።

ከ33 እስከ 36፦ ሲልክሶንግ በጣም ይከብዳል ወይስ አይከብድም ወደሚለው ሄዱ። ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን የራሱ ክር ይገባዋል።

መልስ 37፦ ወደ ጂቲኤ 6 መለሰን። የጌሙ ሠሪ ሮክስታር መጀመሪያ 2025 አለ፣ በ2025 ሜይ ወደ ሜይ 26፣ 2026 ገፋው፣ በኖቬምበር ደግሞ ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026። ኩባንያው ራሱ ሁለት ጊዜ ያነሳውን ቀን ስም የለሽ አካውንት ከየት ያውቀዋል ብሎ ጠየቀ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

መልስ 38፦ ለሁለተኛው ጥያቄዬ ተግባራዊ መልስ ይዞ የመጣው እሱ ነው። መዝገብ እንክፈት አለ። ማንም የቀን ወሬ ሲያመጣ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በትክክል ምን እንዳለ አብሮ ይጻፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ ውጤቱ ከጎኑ ይሞላ። ፖስቱ ቢጠፋም መዝገቡ ይቀራል። የከሸፈበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ የቀድሞው ከወሬው በላይ ይታያል።

መልስ 39፦ ሌላ ቦታ በበጎ ፈቃድ አወያይ የነበረ ሰው ተጠራጠረ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሞክረው ነበር። የመዘገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሥራ ሲበዛባቸው ቆመ፤ ከመቆሙ በፊትም ስማቸው በመጥፎ የተሞላባቸው ሰዎች ተከታዮች መዝጋቢዎቹን መሳደብ ጀምረው ነበር። ስለዚህ ወሬ ያመጣው ራሱ ይሙላ፣ ካልሞላ ፖስቱ አይውጣ አለ። ሸክሙ ከአወያዩ ወደ አምጪው ይዛወር ማለቱ ነው፤ ከ38 ይልቅ ይህኛው አሳመነኝ።

መልስ 40፦ አወያያችን ነው። የ39ን ሐሳብ ተቀብሎ፣ ከዚህ በኋላ የመውጫም ሆነ የማስታወቂያ ቀን የያዘ ወሬ ምንጩ፣ የተባለበት ቀንና የምንጩ የቀድሞ ሁኔታ ካልተጻፈበት እንደማያሳልፍ አሳወቀ። የሠራተኛ የግል አካውንት ሊንክ ማያያዝንም ከለከለ፤ ይህን 12 በግል ጽፋ ጠይቃው ነበር።

መልስ 41፦ የተሰረቀ ፋይልስ ምን ይደረጋል ብሎ 11 ጠየቀ፤ ደንቡ ላይ አልነበረምና። 10ም ቀድሞ ሊክን ቢደግፍም የሠራተኛ ሰነድ የተቀላቀለበት ነገር እንዳይለጠፍ ተስማማ፤ የጋዜጠኛ ዘገባ ግን እንዳይነካ አጥብቆ አሳሰበ። አወያዩ ሁለቱንም ጨመረና ደንቡን ከላይ ሰካው። የመዝገቡን የመጀመሪያ ቅጽ እኔ አዘጋጃለሁ ብያለሁ፤ አምዶቹ ላይ የሚጨመር ነገር ያለው ከዚሁ ሥር ይጻፍልኝ።